የሙሉቀን ፍየል

ቪታራ መኪናዋን መርሻ ነው ያመጣት። ፍሬን መርገጥ ፈርቶ አንደኛ ማርሽ ላይ እንዳደረጋት፣ በሽተኛ ደግፎ እንደሚመጣ ሰው እያዘገመ መጣና የጋራዤ በር ላይ ሲደርስ የግዱን ረገጠ። ጮኸች። ቀጭን፣ ረዥም፣ መጨረሻው ላይ የሚንቀጠቀጥ ጩኸት። ግቢው ውስጥ የነበርን ሁሉ ቀና አልን። ጎማ ጠጋኙ በረከት ከልማዱ የተነሣ "ሙሉቀን መጣ!" አለና ወዲያው አፉን በእጁ ያዘ።

ሙሉቀን የመርሻ ታላቅ ወንድም ነበር፤ የእህል ነጋዴ፣ የሁለት ልጆች አባት፣ ሳቂታ ሰው። ሐምሌ ላይ ኩላሊቱን ሊታከም አዲስ አበባ ሄደ፤ መስቀል ካለፈ በኋላ እዚያው ዐረፈ። መንገዱ ዝግ ስለነበር አስከሬኑን ማምጣት አልተቻለም፤ እዚያው ተቀበረ። ኅዳር ገብቶ መንገዱ ሲከፈት ሚስቱ ዓይናለም ብቻዋን ተመለሰች። ደብረ ታቦር ላይ ወሬውን ያልሰማ የለም። ያልሰሙት እናቱ ብቻ ነበሩ።

እናቱ እማማ እቴነሽ የሚኖሩት ወደ አንበሳሜ በሚወስደው መንገድ በኩል፣ ከአንድ ረዥም ቁልቁለት ግርጌ ነው። ስልክ በማይሠራበት በዚያ ሁሉ ጊዜ፣ ሚስቱ ሳትመለስ መርዶ አይነገርም ተብሎ፣ በሰው በሰው የሚላክላቸው ቃል "እየተሻለው ነው፣ መንገዱ ሲከፈት ይመጣል" የሚል ነበር። አሁን መንገዱ ተከፍቷል። እሳቸውም ተከፈተ ሲባል ሰምተዋል።

መርሻ ቁልፉን መዳፌ ላይ አኖረና፣ "አያ ይርጋ፣ ይችን ፍየል ዝም ያሰኙልኝ" አለ።

ፍየል የሚለውን ስም ያወጡላት እናታቸው ናቸው። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ሰው ከደጅ ሲገባባቸው ማንነቱን እስኪናገር ድረስ ይደነግጣሉ። የሙሉቀን መኪና ግን ገና ከላይ መጠምዘዣው ላይ ፍሬን ሲረገጥ መጮህ ትጀምራለች። እሳቸውም ካሉበት ሆነው "ፍየሏ ጮኸች፣ በሩን ክፈቱ!" ይላሉ፤ ቀጥሎ እልልታ ነው።

ይህን የነገረኝ ራሱ ሙሉቀን ነበር። አንድ ጊዜ የፍሬን ሸራ ስቀይርለት ዲስኩን አሳየሁት። ዲስክ ከጎማው ጋር አብሮ የሚዞር የብረት ሰሃን ነው፤ ፍሬን ሲረገጥ ሸራዎቹ ከግራና ከቀኝ ጨብጠው ያቆሙታል። የሱ ዲስክ ውፍረቱ ገና ነበር፤ ፊቱ ግን ተቦጫጭሮ ጠርዙ ከንፈር አውጥቷል።

"ቶርኖ ቤት ፊቱን ላስላጨውና ጩኸቱን ልገላግልህ" አልሁት።

"ማቆሙን ያቆማል?"

"ማቆሙንስ ያቆማል።"

"ታዲያ አንተን ምን ከፍየሌ አጣላህ?" ብሎ ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ እናቱ ነገረኝ። "ከሩቅ ካልሰማችኝ እንደ እንግዳ ነው የምገባባት፣ አያ ይርጋ። እንደ እንግዳ መግባት አልፈልግም።"

እኔም ተውሁት። በመጣ ቁጥር ጎማውን አውልቄ የዲስኩን ውፍረት እለካለሁ፣ ሸራው ካለቀ እቀይራለሁ፣ ጩኸቱን ግን ለእናቱ ትቼላቸው ኖርሁ።

መርሻ ቁልፉን ከሰጠኝ በኋላ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። "ከነገ ወዲያ ጎሕ ሲቀድ መርዶውን ልንነግራት ነው" አለ። "ጎረቤቶቿ ያውቃሉ፤ ከአጥሩ ጀርባ ተሰብስበው ይጠብቁናል። የነፍስ አባቷ አባ እሸቴም ከኛ ጋር ይወርዳሉ። እሳቸው በእግር አይችሉም፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ ሌላ መኪና አይገኝም። ይች ቁልቁለቱ ላይ ከጮኸች እናቴ እልል ብላ ትወጣለች። አያ ይርጋ፣ እልልታዋን በምን እንመልሰዋለን?"

ክሪኩን አምጥቼ መኪናዋን አነሣሁ።

ክረምቱን ሙሉ ከቤቱ ጥግ ቆማ ዝናብ ጠጥታለች። ቆማ የከረመች መኪና ዲስኳ መዛጉ ያለ ነው፤ ላይ ላዩ ከሆነ ትንሽ ሲነዷት ሸራው ራሱ ይጠርገዋል። ይህኛውን ግን ዝገቱ በልቶታል፤ ሸራው ተጣብቆ የከረመበት ቦታ እንደ ማኅተም ታትሞበታል። በመለኪያ ስይዘው ውፍረቱ ከወሰኑ ወርዷል። እንግዲህ ጩኸት ኖረም አልኖረም፣ በዚህ ዲስክ ያንን ቁልቁለት መውረድ ነፍስ ማጥፋት ነው።

"አይላጭም፤ ቅያሬ ነው" አልሁት። "ግራና ቀኙን አንድ ላይ፣ ከነሸራው። አንዱን ብቻ ከቀየርን ፍሬን ሲረገጥ ወደ አንድ ወገን ትስባለች።"

በማግስቱ መርሻ ባሕር ዳር ደርሶ ዲስኩንና ሸራውን ይዞ ተመለሰ።

አሮጌው ዲስክ በዝገት ተጣብቆ እምቢ አለ። በመዶሻ ዙሪያውን ቀስ እያልሁ ስመታው፣ በመታሁት ቁጥር ያቺው ድምፅ ከውስጡ ትወጣለች፤ አጠር ያለች፣ የታነቀች። መርሻ ተነሥቶ ወደ ውጭ ወጣ። እስኪላቀቅልኝ ድረስ አልተመለሰም።

የአዲሱን ዲስክ የፋብሪካ ቅባት በቤንዚን አጠብሁ፤ ቅባቱ ሸራው ላይ ከገባ ፍሬን አይዝም። የሚቀመጥበትንም ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግሁ፤ ትንሽ ዝገት ከሥሩ ከቀረ ዲስኩ ተጣሞ ይቀመጥና መሪው ይንቀጠቀጣል። ሁሉንም ገጥሜ ጎማውን መለስሁ። ቡሎን በዙሪያ አይጠብቅም፤ በመስቀል ነው፤ ላዩን፣ ታቹን፣ ግራውን፣ ቀኙን። ዘመኔን ሙሉ እንዲሁ ሳጠብቅ ኖሬያለሁ። ያን ቀን ግን እጄ ቆመ።

"መርሻ፣ የክርስትና ስሙ ማን ነበር?"

"ወልደ ገብርኤል።"

ላዩን አጠበቅሁ፤ ታቹን አጠበቅሁ። የወልደ ገብርኤልን ነፍስ ማርልን። ግራውን፣ ቀኙን። ሌላ ጸሎት አላወቅሁም።

ከሰዓት በኋላ ለሙከራ ስወጣ ዓይናለም መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች። ባሏ ከመሞቱ በፊትም በኋላም ብዙ የማታወራ ሴት ናት። ከኋላ ወንበር ላይ አንድ የልጅ ካልሲ ወድቆ ነበር፤ አንሥታ አጠፈችውና ያዘችው። ሜዳው ላይ ደጋግሜ ረገጥሁ፣ ለቀቅሁ፣ ረገጥሁ። መኪናዋ ጭብጥ ብላ ትይዛለች፤ ድምፅ የለም።

"እውነትም ዝም አለች" አለች።

"አዎ።"

"ቤቴም እንዲህ ነው።"

መኪናዋን አዙሬ ወደ ጋራዡ መለስኋት።

በነጋታው መሪውን ራሴ ያዝሁ። አዲስ ዲስክና አዲስ ሸራ እስኪላመዱ ድረስ ኃይለኛ አረጋገጥ አይወዱም። አባ እሸቴ ከፊት፣ መርሻና ዓይናለም ከኋላ ተቀመጡ። ዓይናለም ጥቁር ለብሳ ከላይ ነጭ ነጠላ ደርባለች፤ ነጠላዋን ግን እንደ ሐዘንተኛ አላዘቀዘቀችም። መርዶ ሳይነገር ነጠላ አይዘቀዘቅም።

አባ እሸቴ ውዳሴ ማርያም እየደገሙ ወረድን። መጠምዘዣው ላይ ስንደርስ ማርሽ ቀንሼ ፍሬኑን በስሱ ነካሁ። ያኔ ነው ሰማሁ ማለት የምችለው። ወንዙን ሰማሁ። ከታች የሚጮኽ ውሻ፣ ያልታጨደ ጤፍ ውስጥ የሚገባ ነፋስ፣ አንድ ቦታ የሚዘጋ የበረት በር፤ ሁሉንም ለየብቻ ሰማሁ። ስንትና ስንት ጊዜ ከሙሉቀን ጋር ለሙከራ ነድቻታለሁ፤ በፍየሏ ጩኸት ውስጥ እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።

"አባ" አልሁ በቀስታ።

"አቤት ልጄ።"

"እዚህ ላይ ነበር የምትጮኸው።"

"እኮ፣ ዝም አሰኘሃት አይደል? እጅህ ይባረክ።"

"እማማ እቴነሽ ሞተሯንም ያውቋታል፣ አባ። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ጆሮ ብቻ ነው ያላቸው። ሞተሩን ሰምተው ጩኸቱን ሲያጡትስ?"

አባ እሸቴ ውዳሴያቸውን አቋረጡ። ከኋላ መርሻ ወደ ፊት ሰገግ አለ። እኔ ያልሁትን እሱም በዚያችው ደቂቃ እንዳሰበው ከአተነፋፈሱ ገባኝ።

"እንመለስ እንዴ?" አለ።

"ወዴት ትመለሳለህ?" አሉ አባ እሸቴ። "ንዳ ልጄ። ሰምተዋል።"

ጎረቤቶቹ ከቁልቋሉ አጥር ጀርባ ጎንበስ ብለው ነበር። እማማ እቴነሽ ግን ደጃፉ ላይ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረዋል። መኪናዋን አጠገባቸው አቆምሁ፤ አንዳች ድምፅ ሳታሰማ ቆመች።

"ማን ነው?" አሉ።

"እኔ ነኝ እናቴ፤ መርሻ ነኝ።"

"አንተን አውቄሃለሁ፤ ስትወርድ በሩን ስትደበድበው ሰማሁህ። ይችስ የማን መኪና ናት?"

"የሙሉቀን ናት።"

"አይደለችም።" ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉ። "ሞተሯን ከላይ ጀምሬ ሰምቻታለሁ። መጠምዘዣው ላይ ፍየሏን ጠበቅሁ፤ አልጮኸችም። ወደ ወንዙ ስትቀርብ ትጮኻለች ብዬ ጠበቅሁ። ጆሮዬም ዓይኔን ተከተለ እንዴ ብዬ ውሻውን ጠራሁት፤ ሲመጣ ኮቴውን ሰማሁ።"

"ፍሬኗን አሠርተናት ነው፣ እናቴ።"

"ማን ነው የሚነዳት?"

ወርጄ እጅ ነሣሁ። "የደብረ ታቦር መካኒክ ነኝ፣ እናቴ። ይርጋ ነው ስሜ።"

"ይርጋ።" አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ። "ስምህን ያነሣልኝ ነበር። 'እናቴ፣ አያ ይርጋ እኮ ፍየልሽን ሊያርዳት ነበር፣ ለምኜ አስተረፍኋት' እያለ ያስቀኝ ነበር። አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ።"

"እሱ እንዳትነካ ለምኖህ ነበር?"

"ለምኖኝ ነበር።"

"ታዲያ ዛሬ ማን ፈቅዶልህ ነካሃት?"

አባ እሸቴ መስቀላቸውን ከደረታቸው አወጡ፤ ሌሊቱን ሙሉ ያዘጋጁት ቃል ነበራቸው፤ ከየት እንደሚጀምሩት ጠፋባቸው። እማማ እቴነሽ ጠበቁን። የሚሰማው የሞተሩ ድምፅ ብቻ ነበር።

"አጥፋት" አሉኝ።

አጠፋኋት።

ያኔ ሁለት እጃቸውን ወደ ትከሻቸው አነሡ። ነጠላቸውን ገፈፉ፤ ጥለቱን በጣታቸው ዳሰሱ፤ ቀስ ብለው አዘቀዘቁትና መልሰው ለበሱት። ከአጥሩ ጀርባ የነበሩት ሰዎች የአባ እሸቴን ቃል ጠብቁ ተብለው ነበር። ነጠላው ሲገለበጥ ሲያዩ ግን ማን ይጠብቃል? ለቅሶው ከቁልቋሉ ሥር ፈነዳ። መርሻ እናቱ እግር ሥር ወደቀ፤ ዓይናለምም ከመኪናዋ ወርዳ ነጠላዋን እያዘቀዘቀች ሮጠች።

ረፋዱ ላይ፣ ሰዉ ጥቂት ጋብ ሲል፣ ዓይናለም እኔ ወደ ቆምሁበት መጣች። ፊቷ አብጧል።

"እልል አላሉም" አለች።

"አላሉም።"

"እሱን ነበር የለመንነው።"

"አዎ፣ እትዬ ዓይናለም።"

"መለመንስ አያውቅም ሰው" አለችና ወደ ለቅሶው ተመለሰች።

እነሱ እስከ ሠልስቱ እዚያው ቀሩ፤ አባ እሸቴም እናቲቱን ትቼ አልሄድም አሉ። መኪናዋን ወደ ከተማ የምመልስ እኔ ሆንሁ። ስሰናበታቸው እማማ እቴነሽ እጄን ይዘው መዳፌን ዳሰሱት፤ ቅባቱን፣ ስንጥቁን። አልተቆጡኝም። "በደንብ ሠርተሃታል" አሉ፤ "እግዚአብሔር ይስጥህ።" ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ዳገቱን ብቻዬን ወጣሁ። ሜዳው ላይ ስደርስ፣ የአዲስ ዲስክ ወጉ ነውና፣ ፈጠን እያልሁ ረገጥ፣ ለቀቅ፣ ረገጥ አደረግሁ። በደንብ ትይዛለች፤ ወዲህም ወዲያም አትስብም። መስኮቱን ዝቅ አድርጌ ጆሮዬን ሰጠሁ። በመንገዱ ዳር ጤፍ የሚያጭዱ ሰዎች ነበሩ፤ ጎንበስ ብለው ማጭዳቸውን ያስሮጣሉ። በአጠገባቸው ፍሬን እየረገጥሁ አለፍሁ። አንዳቸውም ቀና አላሉም።