ከሬሳ ሳጥን ውስጥ የሚሰራጭ ፖድካስት

ዲሊ በፊልም ሞቶ የተቀበረባቸው ጉድጓዶች ጎን ለጎን ቢደረደሩ ከኒጀር ወንዝ እስከ ባሕሩ ድረስ ቦይ ይወጣቸዋል። በጩቤ ሞቷል። በመርዝ ሞቷል። በጠንቋይ እርግማን አረፋ ደፍቆ ሞቷል። አንዴ እንዲያውም ምን እንደገደለው ደራሲው ራሱ ሳያውቅ ሞቶ ተቀብሯል። ኒጀር ዳር ባለችው አሳባ ከተማ ውስጥ በቀን ሰባ ፊልም ይቀረጻል፤ ያውም ዝቅ ተደርጎ ሲቆጠር። ከሰባው በስልሳው፣ ሁለተኛው ትዕይንት ላይ ዘጭ የሚለው ሬሳ ዲሊ ነበር። በሃያ ዓመት ውስጥ ካሜራ ፊት የተናገረው ረጅሙ ንግግር «አንተ ነህ እንዴ?» የሚል ሲሆን፣ እሱንም ሳይጨርስ ተወግቷል።

አርባ ስምንት ዓመት ሲሞላው ግን ሞትም ሸሸው። አምስት ወር ሙሉ ስልኩ ለሥራ አልጮኸም። አዳዲስ ሬሳዎች መጥተው ነበር፤ ወጣቶች፣ ጡንቻማዎች፣ ከሞቱ በኋላም ደረታቸው የሚያምር።

አንድ ቀን ዳይሬክተሩን ኦጋ ሶማን በርበሬ ሾርባ ቤት አገኘውና አጠገቡ ተቀመጠ። ኦጋ በአገሩ አለቃ ማለት ነው፤ ይህ አለቃ ደግሞ እየተቆጣ የሚበላ ሰው ነው፤ ሾርባውንም ተዋንያኑንም በአንድ ፊት ነው የሚያያቸው።

«ኦጋ፣ ምን በደልኩ? አገሩ ላይ ሞት ቆመ?»

«ሞትህ ምንም አይወጣለትም። ግን ዘመኑ ፊት አይቶ አይቀጥርም፤ ተከታይ ቆጥሮ ነው። የሌጎስ ተዋንያን ስልካቸው እስኪጠራ የሚጠብቁ ይመስልሃል? ፖድካስት ከፍተው እነሱ ናቸው የሚጠሩት። ዓምና እኔ ፊልም ላይ ትሪ ተሸክማ የምታልፍ ልጅ ነበረች። ፖድካስት ከፈተች። ዘንድሮ ትሪ የሚሸከምላት ሰው ተቀጥሯል።»

«ምን ምን ይፈልጋል?»

«ማይክ፣ ስልክ፣ ጸጥ ያለ ክፍል። በየሳምንቱ፣ ሳታሰልስ። ስለ ራስህ ግን አትለፍልፍ፤ ሰው ጠይቅ።» አጥንቱን መጠጠና ጣለው። «ሃምሳ ሺህ ሰሚ ይዘህ ና። ያኔ የምትናገርበት ቦታ እሰጥሃለሁ። ሳትሞት።»

ሳትሞት! ዲሊ ያን ቀን ቤቱ የገባው በእግሩ ይሁን በክንፉ አያውቅም።

አሳባ ውስጥ ጸጥ ያለ ክፍል ከማግኘት አንበሳ ማለብ ይቀላል። እያንዳንዱ ግቢ ጄኔሬተር አለው፤ እያንዳንዱ ጄኔሬተርም ጎረቤቱን ሊያሸንፍ ይጮኻል። ዲሊ ግን የፊልም አልባሳት ከሚያከራይ ልብስ ሰፊ ዘንድ መስኮት የሌለው መጋዘን አገኘ። የነገሥታት ካባ፣ የጠንቋይ ቀሚስ፣ የመበለት ጥቁር ልብስ ግድግዳውን ስለሸፈነው ድምፅ አይገባም፤ አየርም እንደዚያው። ማይኩን ተውሶ፣ ስልኩ ላይ ሰክቶ፣ ፖድካስቱን «ከሬሳ ሳጥን ውስጥ» ብሎ ሰየመው። ከሱ ሌላ ይህ ስም ለማን ይገባል?

የመጀመሪያዎቹን ስድስት ዝግጅቶች ስለ ራሱ ለፈለፈ። ሠላሳ አንድ ሰው ሰማው። ዘጠኙ ዘመዶቹ ነበሩ፤ ከዘጠኙ ሁለቱ እንቅልፍ እንደወሰዳቸው በግልጽ ነገሩት።

ከዚያ ምክሩ ትዝ አለውና እንግዳ መጥራት ጀመረ። እዚህ ላይ የፖድካስቱ ስም ጉድ ሠራው። የአሳባ ተዋናይ ለፊልም ሳጥን ውስጥ ከተጋደመ፣ ቀረጻው እንዳበቃ በራሱ እግር ወጥቶ፣ ጮክ ብሎ ስቆ፣ የኮላ ፍሬ ሳያኝክ ቤቱ አይገባም፤ አለዚያ እውነተኛው ሳጥን አድራሻውን ያውቃል ይባላል። ታዲያ በገዛ ፈቃዱ «ከሬሳ ሳጥን ውስጥ» ልቀመጥ የሚል ማን ነው? አንዱ አሞኛል አለ። አንዷ ፓስተሬን ላማክር ብላ እንደወጣች ቀረች።

የመጣው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ፓፓ ማዱካ።

ፓፓ ማዱካ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ ሦስት መቶ ጊዜ ሽማግሌ፣ መቶ ጊዜ ንጉሥ ሆነዋል። ዲሊን ዐይኑን ሳያርገበግብ መሞት ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ዝናቸው ግን በምሳሌያቸው ነው። ደራሲ ሁለት ገጽ ንግግር ጽፎ ይሰጣቸዋል፤ እሳቸው ሁለቱንም ገጽ ትተው፣ አገጫቸውን ዳሰስ ዳሰስ አድርገው፣ «ፍየሉ የሚታወሰው ከበሮው ሲቀደድ ነው» ይላሉ። ካሜራ ያዡ ያለቅሳል፤ ጄኔሬተሩ ራሱ ዝም ይላል። በዚያ ሰሞን ኦጋ ሶማ የሃያ ስድስት ክፍል ተከታታይ ፊልሙን ዘውድ ለእሳቸው ሰጥቶ ነበር። በአሳባ ከዚያ የሚበልጥ ዘውድ እውነተኛው ንጉሥም የለው።

ሴት ልጃቸው ኡጎቺ ክንዳቸውን ይዛ አስገባቻቸውና ያም የሚሉትን ሥራሥር ተጠብሶ ልትገዛላቸው ወጣች። ዲሊ ማይኩን ከፈተ። ሽማግሌው ለአንድ ሰዓት ተናገሩ፤ ሳቁ፤ ዘፈኑ። በመካከል መብራት ሄደ። አምፖሉም ማራገቢያውም ጠፍተው መጋዘኑ ድቅድቅ አለ።

«ዘጋኸው?» አሉ ፓፓ ማዱካ።

«መብራት ሄዷል፣ ፓፓ። ሁሉም ጠፍቷል።»

በዚያች ደቂቃ ዲሊ አልዋሸም።

ሽማግሌው ወንበራቸውን ወደ ዲሊ ሳብ አደረጉ። ከዚያ በጨለማው ውስጥ፣ በፊልም ተሰምቶ በማያውቅ ትንሽ ድምፅ፣ «እንግዲያው ልንገርህ፤ አንቆኛል» አሉ። «ቃሉ አልቆይልኝ አለ። ጠዋት ኡጎቺ ታስጠናኛለች፤ እይዘዋለሁ። ካሜራው ፊት ስቆም ነጭ ግድግዳ ነው። ያኔ ምሳሌ እወረውራለሁ። ምሳሌዎቹ የልጅነቴ ናቸው፤ እስካሁን አልከዱኝም። ሰው ‹አቤት ጥበብ!› ይላል። እኔ ግን መንገድ ጠፍቶኝ የምጣራ ሰው ነኝ፣ ልጄ።»

«ሐኪም አላየዎትም?»

«አይቶኛል። በሽታው ስም አለው አለኝ። ስሙን ረሳሁት።» ሳቁ። ዲሊ አልሳቀም። «ይህ ንጉሥ የመጨረሻዬ ነው። ኡጎቺ ከዙፋኑ ጀርባ ተደብቃ ቃሉን ታቀብለኛለች፤ ተለማምደነዋል። እሱን ልጨርስና ቤቴ እገባለሁ። ተዋናይ ሆኜ፤ በሽተኛ ሆኜ አይደለም። ለማንም እንዳትል።»

«ከዚህች ክፍል ቢወጣ ምላሴ ይቆረጥ።»

መብራት መጣ። ኡጎቺ በጋዜጣ የተጠቀለለ ትኩስ ያም ይዛ ገባች። ያኔ ነው ዲሊ ያየው። የስልኩ ባትሪ መብራት አያስፈልገውም ነበር፤ ከንጉሥ ዶቃ ሥር የመቅረጫዋ ቀይ ነጥብ ቦግ ብላ ትቆጥራለች። ቶሎ ብሎ በጀርባው ከለላት።

የጨለማውን ንግግር ቆርጦ አስቀርቶ የቀረውን ለቀቀው። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ሰማው።

«ሁለት መቶ አሥራ ሁለት?» አለ ኦጋ ሶማ በስልክ። «ይህ አድማጭ አይደለም፣ ዲሊ፤ ለቅሶ ቤት ነው። ያውም የድሃ።»

ሦስት ቀን ሙሉ ዲሊ ያቺን የጨለማ ንግግር በጆሮው ሰክቶ ሰማ። አሥራ አንድ ደቂቃ ናት። መቶ ጊዜ ሳይሰማት አልቀረም። እንዲህ ያለ ነገር በአፍሪካ ምድር ተቀርጾ እንደማያውቅ ገባው፤ ይህን ያህል እንኳ ሙያውን ያውቃል። ደግሞም እኮ አገሩ ልማድ አለው። ተዋናይ ሲታመም ባልደረባው አልጋው አጠገብ ቆሞ «ወገኖቼ፣ ዝም ብላችሁ አትዩ!» ብሎ ሕዝብ ይጠራል፤ ሕዝብም ይረዳል። የሚሞተው ታሞ ዝም ያለው ነው። እንግዲህ ይህ መርዳት ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል? ይህን ለራሱ ሲያስረዳ ማለፊያ ጠበቃ ወጣው። እሳቸውን ግን ደውሎ አልጠየቃቸውም፤ እምቢ እንደሚሉ ያውቅ ነበራ።

ረቡዕ ጠዋት መግቢያው ላይ አለቀሰና ለቀቀው፤ «ፓፓ ማዱካ እየረሱን ነው፤ እኛ ግን አንርሳቸው!»

እስከ ቀትር ሃምሳ ሺህ አለፈ። እስከ እሑድ የሰማው ሕዝብ ወንዝ ቢገባ ኒጀር ድልድዩን ይዞት ይሄዳል። አብያተ ክርስቲያናት ጸለዩ። የማያውቋቸው ሴቶች በስማቸው ጾሙ። ጸሎት የሚበላ ቢሆን ፓፓ ማዱካ በሳምንቱ በበር አይገቡም ነበር። ወጣቶቹ ደግሞ የድሮ ፊልሞቻቸውን ቆራርጠው አወጡ፤ ሽማግሌው ምሳሌ በተናገሩ ቁጥር ከሥሩ «እዚህ ጋ ጠፋቸው» ብለው ከሳቅ ጋር ጻፉበት። አርባ ዓመት ሙሉ ጥበብ ይባል የነበረው ሁሉ፣ በደህናው ዘመናቸው የተናገሩት ሳይቀር፣ በአንድ ሳምንት በሽታ ሆነ። አዘጋጆችም ከልባቸው አለቀሱ። አልቅሰው ሲያበቁ እንባቸውን ጠርገው ስማቸውን ሰረዙ።

ኡጎቺ መጋዘኑ ድረስ መጣች። በሩ ላይ ቆመች እንጂ አልገባችም።

«ደህና ነሽ፣ እኅቴ? ሰዉ እንዴት እንደወደዳቸው አየሽ?»

«አየሁ። ኦጋ ሶማ ዘውዱን ወሰደ። ‹ይረፉ› አለኝ።»

«እኔ እኮ ለመርዳት...»

«ቅጂው ላይ አባቴ ‹ለማንም እንዳትል› ሲልህ ይሰማል። አንተ ምላሴ ይቆረጥ ስትል ደግሞ አይሰማም። የራስህን ቃል ቆርጠህ አውጥተሃል።» ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «አዋቂ ነህ፣ ወንድሜ። የሚያወጣውን የሚያውቅ ሰው ነህ።»

ይህን ብላ ሄደች።

በማግስቱ ኦጋ ሶማ ደወለ። «ሬሳው! ዘውዱ ራስህ ላይ ይበቃል?»

ዲሊ እምቢ ሊል ይችል ነበር። ይህን ማንም ሊነግረው አያስፈልግም። ሃያ ስድስት ክፍል ሙሉ ግን ንጉሡ አይሞትም።

የቀረጻው ዕለት ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ቀይ ግቢ ውስጥ ዙፋኑ ተዘረጋ። ሙቀቱ ጣሪያ ላይ የተቀመጠ ጥንብ አንሣ ጠብሶ የሚጥል ነበር። ዲሊ ካባውን ለብሶ፣ ዶቃውን ደርቦ ሲወጣ ከንጉሡ መማክርት ወንበሮች በአንዱ ላይ ፓፓ ማዱካ ተቀምጠዋል።

«ሕዝቡ ‹የት ጣላችኋቸው› አለኝ» አለ ኦጋ ሶማ በጆሮው። «ቃል የላቸውም። ይቀመጣሉ፣ ይሰግዳሉ፤ በቃ።»

ኡጎቺ ከወንበሩ ጀርባ ውሃ ይዛ ቆማለች። ዲሊ ቀረበ። ሽማግሌው ቀና ብለው አዩት፤ ፊታቸው በደስታ በራ።

«ዲሊ! ልጄ! ዘውድ ሰጡህ? እሰይ! እኔ ላስተማርኩት ልጅ! ያ የሬዲዮ ነገር... ልጀምር ነው ያልከኝ፣ ጀመርከው? ለምን አትጠራኝም?»

ዲሊ ኡጎቺን አያት። እሷ መሬት መሬት አየች።

ተንበረከከ፤ ካባው አፈር ላይ ተዘረጋ። «ፓፓ፣ ጠርቼዎት ነበር። መጥተው ነበር። ለማንም አትንገር ያሉኝን ምስጢር ለዓለም ሁሉ አወጣሁት። ይህ ዘውድ የእርስዎ ነበር። እኔ ነኝ የቀማሁዎት።»

ሽማግሌው ቀስ ብለው ሰሙት። ፊታቸው ላይ የነበረው ብርሃን ከዳር ጀምሮ ጠፋ። እጃቸው የኡጎቺን እጅ ፈለገ።

«አንተ?» አሉ። «አንተ ነህ?»

እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ። ከሃያ ዓመት ሞት ውስጥ ዲሊን እንደዚያች ደቂቃ የገደለው የለም። ቢሆንም፣ እውነት ለመናገር፣ ቀለል አለው። ተናግሯል። ከፈለጉ ይራገሙት፣ ከፈለጉ ይማሩት፤ ከሁለቱ አንዱን ጠበቀ።

አንዱም አልመጣም። የሜካፕ ባለሙያዋ እንባቸውን አይታ ሮጣ መጣች፤ ፊታቸውን ጠረገች፣ ዱቄት ቀባቻቸው፣ ቆብ አደረገችላቸው። ስትጨርስ ፓፓ ማዱካ ግቢውን ዞር ዞር ብለው ቃኙና ዐይናቸው ዲሊ ላይ ዐረፈ።

«ዲሊ! ልጄ! ዘውድ ሰጡህ? እሰይ! ያ የሬዲዮ ነገርስ? ለምን አትጠራኝም?»

ዲሊ ወደ ኡጎቺ ዞረ።

«ንገረው» አለች ኡጎቺ። «እኔ እናቴ መሞቷን በቀን ሦስት ጊዜ እነግረዋለሁ። በጠየቀኝ ቁጥር እንደ አዲስ ያለቅሳል፤ እኔም እነግረዋለሁ። ንገረው።»

«ሁላችሁም ቦታ ቦታችሁ!» ብሎ ጮኸ ኦጋ ሶማ። «ንጉሥ ሆይ፣ ፀሐይዋ አንተን አትጠብቅም!»

ዲሊ የሽማግሌውን እጅ በሁለት እጁ ያዘ።

«እጠራዎታለሁ፣ ፓፓ» አለ። «በቅርቡ እጠራዎታለሁ።»

«ተባረክ» አሉ ፓፓ ማዱካ። «ተባረክ፣ ልጄ።»

ኡጎቺ የውሃውን ጠርሙስ ከወንበሩ እግር ሥር አስቀምጣ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ወደ በሩ ሄደች። ዲሊ ዙፋኑ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። ጸጥታ ሆነ፤ ካሜራው ዞረ። መማክርቱ አንድ ባንድ እየተነሡ ሰገዱለት፤ የፓፓ ማዱካ ተራ ሲደርስም ተነሡ፣ ካባቸውን ሰበሰቡ፣ ሦስት እርምጃ ቀረብ ብለው ግንባራቸው መሬት እስኪነካ ዝቅ አሉ። አንዲት ነገር አልሳቱም። ኦጋ ሶማ አውራ ጣቱን አነሣ፤ አንድም መድገም አላስፈለገም።

ተራው የንጉሡ ነበር። ዲሊ መናገር ጀመረ።