የፓሉ ስም

እናታቸው በተቀበረች በዘጠነኛው ቀን ማርጋሊዳ ታናሽ ወንድሟን ቤርናትን አስከትላ ወደ ውል አዋዋዩ ወደ ሙሴ ላፎርካድ ቤት ወረደች። የምትሻው አንድ ፊርማ ብቻ ነበር። በባሬዥ ሸለቆ ልማድ፣ ሴትም ትሁን ወንድ፣ ቤቱ ከነማሳው፣ ከነመቃብሩም ጭምር የበኵር ልጅ ነው፤ የቤቱንም ስም የሚሸከመው በኵሩ ብቻ ነው። ዶሜክ የተባለው አባታቸው እንኳ ፓሉ ወደሚባለው ወደ እናታቸው ቤት ተድሮ ሲገባ የራሱን ስም ደጅ ትቶ ነበር። ታናናሾች ግን ያለ ደመወዝ ያገለግላሉ፤ መጠሪያቸውም «ባሪያ» ነው።

አሁን ከፓሪስ የመጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጆችን ሁሉ እኩል አድርጓል።

«ድርሻህን በፈቃድህ ካልተውህ ቤቱ ለሁለት ይከፈላል» አሉ ላፎርካድ።

«ፈርምና እንሂድ» አለች ማርጋሊዳ። «ድርቆሹን ዝናብ ሳይመታው።»

ቤርናት ሳቀ። «ለድርቆሹማ ባሪያሽ አለልሽ አይደል፣ እትዬ? ሃያ ዓመት አጨድሁልሽ። አንድ ቀን እንኳ በስሜ ጠርተሽኛል?»

«ወታደር ቤት ፊደል ቢያስቆጥሩህ ምላስ አወጣህ!»

«አወጣሁ። እስቲ አንቺም ምላስ ካለሽ ‹የፓሉው ቤርናት› በይኝ። እኚህ ሰው ፊት፣ አንዴ። ያኔ እፈርማለሁ፤ ከቤቱ አንዲት ድንጋይ አልነካም።»

የሚቀልድ መስሏት አየችው። አልቀለደም፤ ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነክሮ ከወረቀቱ በላይ ይዞታል።

ሁለት ቃል ነበር። ነገር ግን ያ ስም በአንድ ዘመን በሁለት ሰው ላይ አርፎ አያውቅም። እናቷ በሞት አልጋ ላይ እጇን ይዛ ያስረከበቻት ማሳውን ሳይሆን ስሙን ነበር። ማርጋሊዳ አፏን ከፈተች፤ «የፓ...» ብላ ቆመች። ቤርናት ጎንበስ ብሎ ጠበቀ፤ ለአፍታ ፊቱ የልጅነት ፊቱን መሰለ። ልመናውን ያየችው ያን ጊዜ ነው፤ ከምንጊዜውም ይልቅ ጠላችው።

«ባሪያ!» አለችው። «ይከፈል! ሙሴ ላፎርካድ፣ ከመካከሉ ይቍረጡት!»

ቤርናት ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ ወረወረ።

ላፎርካድ ሌላ ወረቀት አወጡ። አዲሱ ሕግ የሚያውቀው የአባትን ስም ነውና ቀና እንኳ ሳይሉ ጻፉ፦ ተካፋዮች፣ ማርጋሊዳ ዶሜክ እና ቤርናት ዶሜክ። አነበቡላቸውም።

«ፓሉስ?» አለች ማርጋሊዳ።

«ፓሉ የሰው ስም አይደለም፣ እመቤቴ። እዚህ ጋ ይፈርሙ።»

መጻፍ አታውቅም ነበርና፣ ዶሜክ ከሚለው ቃል አጠገብ መስቀል አሰመረች።