እሜቴ በሁለት ጾም መሀል

ሸማ ተራ ውስጥ ሥራ የሌላት ፍጡር አንዲት ብቻ ነበረች፤ እሷም ድመት ናት። ቀኑን ሙሉ የጋቢ ክምር ላይ ተዘርግታ ስለምትውል ተራው በሙሉ «እሜቴ» ይላታል። እሜቴ ባለቤት የላትም። የሸማ ነጋዴውን የጋሽ ፈለቀን ምሳ ስትሰርቅ የጎረቤቱ የጀማለዲን ድመት ናት፤ የክር ነጋዴውን የጀማለዲንን ክር ስታተበትብ ደግሞ የጋሽ ፈለቀ። «የኔ ናት» ያለ ሰው ኖሮ አያውቅም፤ ሁሉም ግን ያበላታል።

በዚህ ላይ የአይጦቹ ነገር አለ። ጋሽ ፈለቀ ዕድሜውን ሙሉ ሸማ ሲሸጥ የደረሰበት እውነት ቢኖር፣ ተራው በስምምነት የሚኖር መሆኑ ነው። ነጋዴ ሲበላ ፍርፋሪ ይወድቃል፤ ፍርፋሪውን አይጥ ይለቅማል፤ ሥጋና አጥንቱ የእሜቴ ነው። አይጥ ጠግቦ ስለሚያድር ሸማ አይነካም፤ እሜቴም ጠግባ ስለምታድር አይጥ አትነካም። ሞት ያማራት አይጥ የድመት አፍንጫ ታሸታለች ይባላል፤ የዚህ ተራ አይጦች ግን የእሜቴን አፍንጫ አሽትተው በሰላም ይመለሱ ነበር።

ስምምነቱ የዘለቀው ጾሙ ተራ በተራ ስለሚመጣ ነው። ክርስቲያኑ ሲጾም ሙስሊሙ ይበላል፣ ሙስሊሙ ሲጾም ክርስቲያኑ ይበላል፤ ፍርፋሪ አይቋረጥም። ዘንድሮ ግን ሁዳዴና ረመዳን ተያይዘው ገቡና ተራው በአንድ ጊዜ አፉን ዘጋ። ብዙም ሳይቆይ ጋሽ ፈለቀ ለገበያተኛ አንድ ጋቢ ሲዘረጋ ጥለቱ ላይ ጡጫ የሚያሳልፍ ቀዳዳ አገኘ።

ክው አለ። ያዘነው ለጋቢው አይደለም። ከላይ መደርደሪያው ላይ፣ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ የልጁ የማርያማዊት የሠርግ ቀሚስ ተቀምጧል። ቤት እንዳይወስደው፣ ቤቱ ለድግሱ ቀለም እየተቀባ ነው። በደንቡ ቀሚሱን የሚያመጣው የወንዱ ወገን ነበር። ጋሽ ፈለቀ ግን ሽማግሌዎች በመጡ ዕለት «የሸማ ነጋዴ ልጅ ሌላ ሰው በገዛው ሸማ አታገባም» ብሎ ድርቅ አለ። የሙሽራው እናት እትዬ እታለም፣ እህል በረንዳ ላይ ወንዱን ሁሉ የምታንቀጠቅጥ የጤፍ ነጋዴ፣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ ከፋሲካ በፊት መጥታ ቀሚሱን በዓይኗ ማየት። እንግዲህ ያ ቀሚስ የአይጥ ጥርስ ካረፈበት፣ ጋሽ ፈለቀ ከዚያ በኋላ በየትኛው ፊቱ ሸማ ይሸጣል?

መፍትሔው እሜቴ ናት አለ ለራሱ። የራባት ድመት አይጥ ትይዛለች፤ ይህን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም። ችግሩ እሜቴ አልራባትም። ተከታትሎ ቢያይ፣ የመግሪብ አዛን ሲሰማ ከጋቢው ክምር ላይ ትወርድና እየተንጠራራች ጀማለዲን ደጃፍ ትሄዳለች። እሱ በቴምር ሲያፈጥር እሷ በሥጋ ሳምቡሳ ታፈጥራለች።

ሄዶ ለመነው። ጀማለዲን ብዙ አንገራገረ፤ ጾመኛ ሰው የተራበ ፍጡር ከደጁ ቢመልስ ወንጀል ነው አለ። የማርያማዊት ቀሚስ ሲነሳበት ግን ለስለስ አለ፤ ልጅቷ ያደገችው ዓይኑ እያየ ነው። በሱ አግባቢነት ተራው በሙሉ ለእሜቴ ምንም ላለመስጠት ቃል ተገባባ።

እሜቴ መጀመሪያ ሱቅ ለሱቅ እየዞረች ጮኸች። ቀጥሎ ጋሽ ፈለቀ ቀኑን ጾሞ እንጀራውን በሽሮ ሲቆርስ ፊት ለፊቱ እየተቀመጠች እያንዳንዱን ጉርሻ በዓይኗ ትሸኝ ጀመር። አንጀቱ አልችል ብሎ ቃሉን አፍርሶ ሽሮ ቢያቀርብላት፣ አሽትታ ፊቷን አዞረች። በማግስቱ ማንም አላየኝም ብሎ ወተት ሲገዛ ጎረቤት አየው። «ፈለቀ በሁዳዴ ወተት ጀመረ» የሚለው ወሬ ሳይመሽ ተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን ደረሰ፤ እሱም ወተቱን እሜቴ ሳትቀምሰው ለባለሱቁ መለሰ።

እትዬ እታለም የመጣችው በዚያው ሰሞን ነው። ሱቁ ውስጥ ከአባቷ ጋር የምትውለው ማርያማዊት ባንኮኒው ላይ ንጹሕ ነጠላ አንጥፋ ቀሚሱን ዘረጋችው። እትዬ እታለም ጤፍ እንደምትፈትሽ ሁሉ ጠርዙን በጣቶቿ እያሸች፣ ጥለቱን ወደ ብርሃን እያዞረች ታየዋለች። በዚህ መሀል እሜቴ ከመደርደሪያው ሥር ብቅ አለች። በአፏ ጫጩት የሚያስንቅ አይጥ አንጠልጥላለች። ባንኮኒው ላይ ዘላ ወጣችና ከቀሚሱ ጠርዝ ጣት በማትሞላ ርቀት ነጠላው ላይ አጋደመችው።

ጋሽ ፈለቀ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው።

«ይቺ ድመት የማን ናት?» አለች እትዬ እታለም።

እዚህ ላይ ልማድ ጉድ ሠራው። «የማንም አይደለችም» አለ ሳያስበው። ጀማለዲንም ከደጃፉ ሆኖ የማንም እንዳልሆነች መሰከረ።

የእትዬ እታለም ፊት በራ። መጋዘኗን አይጥ እንደጨረሰው፣ ያመጣቻቸው ድመቶች ሁሉ ከአይጦቹ ጋር ጎረቤት ሆነው እንደቀሩ ነገረችው። ቀሚሱንም እንከን የማይወጣለት ነው ብላ መረቀችው። ከዚያ ነጠላዋን አጣፋች።

«የማንም ካልሆነችማ፣ ሙሽራዋን ስንወስድ ድመቷንም አብረን እንወስዳታለን።»

ጋሽ ፈለቀ እሺ ሊል አፉን ከፈተ። ሽማግሌዎቹ ልጁን ሲጠይቁት እሺ ብሏል፤ የሠርጉን ቀን ሲቆርጡም እሺ ብሏል። አንድም ጊዜ ፊቱ ሳይጠቁር፣ ጠንካራ አባት ነው ተብሎ ተመስግኖበታል። አሁን ግን ማርያማዊት የሌለችበት ባንኮኒ ታየው። ጠዋት ሱቁን ከፍቶ ብቻውን ሲቀመጥ ታየው።

«እትዬ እታለም፣ ልጄን ወስደዋል» አለ። «ድመቷን እንኳ ይተዉልኝ።»

ይህን ብሎ፣ ያ ሁሉ ሸማ እስከ ጣሪያ ተከምሮ ሳለ፣ ዕንባውን የሚጠርግበት አጣ። ማርያማዊት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እትዬ እታለም ዱካ ስባ አጠገቡ ተቀመጠች፤ እሷም ሴት ልጅ ድራ ባዶ ቤት ገብታ ታውቃለች። የለበሰችውን ነጠላ ጫፍ ያዘችና ሰጠችው።

«ትቅርልዎ» አለች።