ከቋጠሮው በታች

የጽጌረዳው እምቡጥ ጫፉን ሲከፍት ነጭ ሆኖ ወጣ።

ሰውየው መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ወለወለና መልሶ አደረገው። አሁንም ነጭ ነው። ሌላ እምቡጥ በጥፍሩ ሰነጠቀ፤ እሱም ነጭ። ጎንበስ ብሎ ያበበውን አንዱን አሸተተ። ምንም የለም። የታጠበ ሳህን እንኳን ከዚህ የተሻለ ይሸታል።

ዕድሜውን ሙሉ የገበያ ሚዛን ሲፈትሽና ሲያስተካክል የኖረ ሰው ነው። በሰፈሩ «ሚሊ» ይሉታል፤ ከሚሊሜትር ያጠረ ነው። ስሙን ያወጣችለት ሚስቱ ናት፤ ዳቦው እኩል አልተቆረጠም ብሎ የተነጫነጨ ዕለት።

ይህችው ሚስቱ ልቧ ደክሞ ከተኛች ወዲህ ምግብ እየጠላች መጥታ፣ አሁን ጭራሽ ማንኪያ ሲቀርባት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ሐኪሙ እሱን ለብቻው ጠርቶ፣ «መድኃኒቱ የበኩሉን ያደርጋል፤ ካልበላች ግን ብዙ አንራመድም» ብሎታል። እሷ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ቀዩ ሲያብብ አምጣልኝ። እሱን ካሸተትኩ ሆዴ የሚከፈት ይመስለኛል።»

ቀዩ ከእናቷ ግቢ የመጣ ነው፤ ያ ግቢ ዛሬ የመኪና መንገድ ሆኗል። በረጅም ዘንግ ጫፍ አንድ ትልቅ አበባ ብቻ የሚያወጣ፣ ቀለሙ ወደ ጥቁር የሚያደላ፣ መስኮት ሲከፈት ከአየሩ ቀድሞ ሽታው የሚገባ ጽጌረዳ ነበር። ከዚያ ዘር የቀረው ከጓሮው ግንብ ሥር ያለው አንድ እግር ነው።

እሷ ስትተኛ እንክብካቤው እሱ ላይ ወደቀ። በዚያን ጊዜ ቅጠሉ ጥቁር ነጠብጣብ ይዞት እየረገፈ ነበር። ሚሊ ሰው ጠያየቀና አንድ ደንብ ይዞ መጣ፤ ከእርሳስ የቀጠነ ቅርንጫፍ አይረባም፣ ይቆረጥ የሚል። ደንብ ካገኘ ደግሞ ማን ያቆመዋል! የውፍረት መለኪያውን ከመሳቢያ አውጥቶ ዘንጎቹን አንድ በአንድ ለካ። በሽታ የበላቸው ሁሉ ከእርሳስ ቀጥነው ተገኙ። ቆረጣቸው፤ በሽታው እንዳይዛመትም አቃጠላቸው። ከሥር የፈለቁትን ወፋፍራሞቹን አስቀረ። እነሱም አላሳፈሩትም፤ ግንቡን አልፈው ሄዱ። በየጠዋቱ ወደ መኝታ ቤቱ እየገባ፣ «ልጅሽ ጎረመሰ! ቁመቱ እኔን በለጠ!» ይላት ነበር። እሷም ፈገግ ትል ነበር።

አሁን ጎረምሳው ነጭ አብቦ ቆሟል።

ቤቱን ልታግዝ የመጣችው የሚስቱ ታናሽ እህት፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ከወጥ ቤት ብቅ አለች።

«ጋሼ፣ ምነው? ፊትህ አመድ መሰለ።»

«ነጭ ነው።»

«ምኑ?»

«ቀዩ።»

መጥታ አየችና አፏን በእጇ ያዘች። «ወይ ጉድ! ታዲያ ምን ልትላት ነው?»

«ዛሬ አመጣልሻለሁ ብያታለሁ።»

«አንተ ደግሞ አፍህን ምን አስቸኮለው!» አለችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «በል ከአበባ መሸጫው ቀይ ግዛ። ቀይ መቼም ቀይ ነው።»

«የሱቁ አይሸትም።»

«የኔን ሽቶ ጠብ አድርግበት።»

ሚሊ በአንዲት ግራም ከነጋዴ ጋር ሲሟገት የኖረ ሰው ነው፤ ማጭበርበር በደሙ የለም። ቢሆንም ሄደ። ገዝቶ መጣ፤ ሽቶውን ጠብ አደረገበት።

ሚስቱ አበባውን በሁለት እጇ ተቀብላ ዓይኗን ጨፈነች። እሱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ የሾርባውን ሳህን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ማንኪያውን አዘጋጅቶ ጠበቀ።

«ይሄ የእህቴ ሽቶ ነው» አለች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

«እኔ የለሁበትም!» አለች እህቷ ከበሩ ጀርባ።

ሚስቱ ዓይኗን ገለጠች።

«ሚሊ፣ የኔ ቀይ የት አለ?»

ያን ጊዜ ነገራት፤ መለኪያውን፣ እርሳሱን፣ እሳቱን። እሷ እስከ መጨረሻው ሰምታ ጠየቀችው።

«ቅጠሉ ደቃቅ ነው? ፈዘዝ ያለ? እሾሁስ ብዙ ነው?»

«አዎ።»

«የዱሩ ነው።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «የእናቴ ጽጌረዳ በራሱ ሥር አይጠናም። የዱር ጽጌረዳ ሥር ላይ ነው ያጣበቅኩት። ከመጋጠሚያው ቋጠሮ በታች የሚበቅለው ሁሉ የሥሩ ነው፤ ብቅ ባለ ቁጥር እየነቀልኩ ነበር የምጥለው። አንተ የቀለብከው ሌባውን ነው።»

«ምነው ሳትነግሪኝ?»

«መቼ ጠየቅኸኝ? ሁልጊዜ መጥተህ የምትነግረኝ ቁመቱን ነው።»

የሾርባው ሳህን ጭኑ ላይ ቀዘቀዘ። እሷ አበባውን ወደ ጎን አድርጋ ብርድ ልብሱን ገፈፈች።

«ወንበር አውጡና ወደ ጓሮ ውሰዱኝ።»

«ሐኪሙ እኮ...» አለ ሚሊ።

«ሐኪሙ ጽጌረዳ አለው?»

ተሸክሟት ወጣ። ዕድሜውን ሙሉ ሲመዝን የኖረ ክንዱ ክብደቷን ወዲያው አወቀው፤ ምነው ባላወቅኩት ብሎ ተመኘ።

ወንበሩ ላይ አስቀምጦ ከቁጥቋጦው ሥር ተንበረከከ፤ አፈሩን በጣቱ ጫረ። ቋጠሮው ወጣ፤ እንደ ሽማግሌ ጉልበት ያበጠ፣ ጥቁር፣ እሱ የቆረጣቸው ዘንጎች ጉቶ ዙሪያውን የደረቀበት። እሷ እህቷን ተደግፋ አጎነበሰችና አውራ ጣቷን አሳረፈችበት። አንዱን ጉቶ ነካች፤ ደረቅ። ሌላውን ነካች፤ ተፈረፈረ። ሚሊ ፊቷን ማየት አቅቶት ጣቷን ብቻ ተከተለ። ጣቷ ዞሮ ዞሮ በግንቡ በኩል ቆመ።

«እዚህ ጋ እየው።»

ከክብሪት ጭንቅላት የምታንስ ቀይ ነጥብ።

«የቀዩ ዓይን ናት፤ ቅርንጫፍ የምትሆን። ልትወጣም ትችላለች፣ ልትደርቅም ትችላለች። የዱሩን በሙሉ ንቀልልኝ። በመቀስ አይደለም፤ ከሥሩ ገንጥለው፤ ከተቆረጠ ይመለሳል።»

«በሙሉ? እሷ ካልወጣችስ? ምንም አይተርፍም እኮ!»

«እሱ እያለ አትወጣም። እስካሁንም የበላባት እሱ ነው።»

ገነጠለ። እሾሁ ክንዱን ተለተለው፤ ነጩ አበባ እሷ ጉልበት ላይ ረገፈ። ያኮራውን ቁመት ሁሉ መሬት ላይ ሲያጋድመው ከግንቡ ሥር የቀረው አንድ ጥቁር ጉቶ ብቻ ነው።

«አሁን መቼ ያብባል?» አለች እህቷ።

«እኔ እንጃ» አለ ሚሊ። ከሱ አፍ ይህ ሲወጣ ሁለቱም ሰምተው አያውቁም፤ ቀና ብለው አዩት።

እህቷ ሾርባውን አሙቃ በኩባያ አመጣች። ሚስቱ አፈር በነካው እጇ ተቀበለች። አንድ ጊዜ ፉት አለች፤ አፏ ውስጥ ብዙ አቆየችው፤ ፊቷን አጨማድዳ ዋጠችው። ደገመች። ሦስተኛው አልሄደላትም፤ ኩባያውን መለሰች።

ፀሐይ ግንቡን ተሻግራ ጉቶው ላይ አረፈች። ሚሊ ተነሥቶ በመሃል ቆመና ነጥቧ እንዳትደርቅ ጥላውን ጣለባት።

«ወደዚህ ትንሽ» አለች ሚስቱ፣ ዓይኗን ከቀዩዋ ነጥብ ሳትነቅል።

ተጠጋ።

«ትንሽ።»

ትንሽ ማለት ስንት እንደሆነ አልጠየቃትም።