ቄስ ሠረቀብርሃን የገዘቱት ሸማኔ

ቄስ ሠረቀብርሃን ዘንድሮ የደከሙት ገና የነነዌ ጾም ሳይገባ ነው። ከጎረቤላ በላይ ያለውን አቀበት ወጥተው ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ሲደርሱ ጉልበታቸው ይንቀጠቀጣል፤ ቅዳሴው ሲያልቅም መቋሚያቸው ላይ ተደግፈው ጥቂት ካላረፉ መንገድ አይጀምሩም። ሰው እርጅና ነው ይላል። እርጅናስ እርጅና ነው፤ እርጅና ብቻ ግን አልነበረም።

ሰውየው ጸጋ ነበራቸው። አፋቸው ይደርሳል ይባላል። የጸለዩለት ይድናል፣ የመረቋት ትወልዳለች፣ የገዘቱት ደግሞ... እዚህ ላይ ያገሩ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ከለሚ ድረስ ሕመምተኛ ይዘው ይመጡላቸው ነበር። እንዲህ ያለ ስም ወጥቶለት ደስ የማይለው ቄስ ካለ እሱ ቅዱስ ነው፤ ቄስ ሠረቀብርሃን ደግሞ ጥሩ ሰው እንጂ ቅዱስ አልነበሩም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት የብር መስቀል ጠፋ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ፖሊስ የሚጠራው ኋላ ነው፤ መጀመሪያ ካህኑ ይገዝታል። ቄስ ሠረቀብርሃንም ከቅዳሴ በኋላ የእጅ መስቀላቸውን ይዘው ወጡና «የወሰደ ይመልስ! ያየ የሰማ ይናገር! አይቶ የደበቀ የተገዘተ ይሁን!» አሉ።

በሳምንቱ እሑድ ሸማኔው ይሁኔ ከሕዝቡ መካከል ወጥቶ ቆመ። ከቄሱ ጋር አጥር ለአጥር ጎረቤት ናቸው። ቆቡን በእጁ እያሻሸ፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ «ዘሥላሴን ሲመሽ ከዕቃ ቤቱ ሲወጣ አይቼዋለሁ። ግዝትዎን ፈርቼ ነው አባታችን» አለ። ዘሥላሴ የቄሱ አንድዬ ልጅ ነው።

የቄሱ ፊት ዐመድ መሰለ። እዚያው፣ በዚያው የእጅ መስቀል፣ «በሐሰት ልጄን ያዋረድህ አንተ የተገዘትህ ሁን! ከቤትህ እሳት የጫረ፣ ማዕድህን የቀመሰ አብሮህ ይገዘት!» አሉ። ልጁ በማግስቱ ከቤት ወጥቶ ቀረ። ደብረ ብርሃን መኪና ሲጭን አየነው ያሉ ነበሩ፤ ከዚያ ወዲያ ያየውም የለ።

ቄሱ ታዲያ አላወቁም? ዐወቁ እንጂ! የልጃቸውን መኝታ ሲያነሡ የጠፋው መስቀል የሚጠቀለልበትን ቀይ ሐር አገኙ። አንድ ቃል ሳይተነፍሱ እሳት ውስጥ ከተቱት። ባለቤታቸው አይተው ዝም አሉ፤ ዝም እንዳሉም ሞቱ።

ይሁኔን እድሩ አስወጣው፤ ሸማ የሚያሠራው ጠፋ። ግዝቱ የማይመለከታቸው የአሊዩ አምባ ሙስሊሞች ባይኖሩ ኖሮ በረሃብ ባለቀ። ጋቢውን ተሸክሞ ቁልቁለቱን ወርዶ ገበያቸው ላይ ይሸጣል፣ አቀበቱን ይመለሳል። ላሙን መብረቅ ሲመታበት ሕዝቡ «የአባታችን አፍ ነው» አለ። ቄሱ ሰሙ። ተዉ አላሉም።

እንግዲህ ዘንድሮ በነነዌ ጾም ዋዜማ የይሁኔ ሚስት ንጋቷ መጥታ የቄሱ ደጅ ላይ ቆመች።

«ይሁኔ ሊሞትብኝ ነው አባታችን። ይፍቱልኝ። ሳይቆርብ፣ ፍታት ሳያገኝ እንደ ውሻ አይጣልብኝ።»

«ራሱ ይምጣና በሐሰት መሰከርሁ ይበል» አሉ ቄሱ።

«የሚቆምበት እግር አለው ብለው ነው?» አለችና ነጠላዋን ሰብስባ ሄደች።

በጾሙ መጨረሻ ቀን የዮናስን መጽሐፍ ያነበቡት ራሳቸው ናቸው። ሲያስተምሩ የኖሩት የነቢዩ ስሕተት መሸሹ እንደ ሆነ ነበር፤ መርከቡን፣ ማዕበሉን፣ ዓሣ አንበሪውን አሳምረው ይተርኩታል። ዘንድሮ ግን ዓይናቸው መጨረሻው ላይ ተተክሎ ቀረ። ለካስ ትልቁ ስሕተት ከዓሣው ሆድ ከወጣ በኋላ ነው! ስበክ ተባለ፣ ሰበከ፤ ሰሙት፣ ፈሩ፣ ተመለሱ። እንደሱ የተደመጠ ነቢይ የለም። እሱ ግን ቃሉ ስለ ሠራ ተቆጣ። ከከተማው ወጥቶ ዳስ ጣለና ጠላቶቹ ሲጠፉ ለማየት ተቀመጠ።

ያየ ይናገር ያልሁ እኔ አይደለሁም? አሉ በሆዳቸው። ይሁኔ አየ፣ ፈራ፣ ተናገረ። እኔ ደግሞ ይኸው እስከ ዛሬ ተቀምጬ መጨረሻውን እጠብቃለሁ።

ሕዝቡ ትምህርቱን ይጠብቃል። «ዛሬ ደክሞኛል፤ ግቡ» ብለው አሰናበቱት። እውነታቸውን ነበር።

እህል ሳይቀምሱ ወደ ይሁኔ ቤት ሄዱ። የአጥሩ መተላለፊያ ከጠቡ ጊዜ ጀምሮ በእሾህ ተዘግቷልና ዞረው ገቡ። ደጁ ላይ ባየው የሚባለው የይሁኔ ወንድም ከንጋቷ ጋር ይጨቃጨቃል። ቄሱን ሲያይ ዞረባቸው።

«ይሁኔን ደብረ ብርሃን ሀገረ ስብከቱ ዘንድ እንውሰድህና ያስፈቱህ ብንለው እንቢ አለን እኮ! በግል ጠብ የገዘተ ቄስ ክህነቱ ይያዝበታል፣ በእኔ ሰበብ አይሆንም አለ። እየሞተ የሚያዝነው ለእርስዎ ነው!»

ቄሱ ይህን አልሰሙም ነበር። የበሩን መቃን ያዙ።

በለሆሳስ ይፍታህ ብለው መመለስ ይችሉ ነበር፤ ከዚያ በላይ የሚጠይቃቸው ማንም የለ። ሲገዝቱ ግን በሕዝብ ፊት ነበር። «ጎረቤቱን ሁሉ ጥራልኝ» አሉት ባየውን። ጎረቤቱ ሁሉ መጣ፤ ግዝቱን ፈርቶ ከደጁ አላለፈም። ቄስ ሠረቀብርሃን የበሩ መድረክ ላይ ቆሙ። ያ ተራራውን ያናውጥ የነበረ ድምፃቸው ሰልሎ ነበር።

«ይሁኔ ያየው እውነት ነው። መስቀሉን የወሰደው ልጄ ነው። እኔም ዐውቅ ነበር።»

አንዱ ሽማግሌ አንገቱን ደፋ። ቄሱ ወደ ውስጥ ገቡና መስቀላቸውን በይሁኔ ግንባር ላይ አኖሩ።

«እግዚአብሔር ይፍታህ። ነገ በቃሬዛ አስወስጄ አቆርብሃለሁ።»

ይሁኔ ዓይኑን ገልጦ ብዙ አያቸው። ቄሱ ቢሰድባቸው ለመቀበል፣ ቢረግማቸው አሜን ለማለት ተሰናድተው ነበር።

«አባታችን» አለ በቀጭን ድምፅ፣ «ዘሥላሴስ... ወሬው ተሰማ?»

ልጃቸው ከጠፋ ጀምሮ ይህን የጠየቃቸው አንድ ሰው አልነበረም። ሁሉም አፋቸውን ፈርቶ የልጁን ስም እንኳ አያነሣባቸውም።

«አልተሰማም» አሉ ቄስ ሠረቀብርሃን። መደቡ ጫፍ ላይ፣ ከይሁኔ እግር አጠገብ ተቀመጡና ስለ ልጃቸው አለቀሱ።