ጠብታ፣ እፍኝና የአባታቸው ጽጌረዳዎች

ከበሩ በስተቀኝ ያለው ጽጌረዳ አንገቱን ደፍቷል።

ጠብታ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ባለችበት ቀጥ አለች። ትናንት ጠዋት ትታው ስትሄድ ቅጠሉ ቀና፣ ሦስቱ እንቡጦቹም ጥብቅ ብለው ነበር። አሁን እንቡጦቹ እንደ ተቀጣ ተማሪ መሬት መሬት ያያሉ። ወደ ግራ ዞረች። የግራው ጽጌረዳ ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው። የቅጠሎቹ ዳር እሳት እንደ ላሰው ወረቀት ቡናማ ሆኖ ተጠቅልሏል።

ክው አለች። የቀኙ የእሷ ነው፣ የግራው የወንድሟ። አንዱ ብቻ ቢታመም ምክንያቱን ፈልጋ ታገኘው ነበር። በተለያየ ምግብ ያደጉ ሁለት ተክሎች በአንድ ሌሊት አብረው ሲወድቁ ግን ዓይኗን ማመን አቃታት።

ጠብታ የቤት ስሟ ነው። ዕድሜዋን በሙሉ በሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ ደም ስትመረምር ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ሻይዋ ውስጥ ስኳር ስትጨምር እንኳ የማንኪያውን አናት በቢላ ጀርባ ጠርጋ፣ አስተካክላ ነው። ስሙን ያወጣላት ታናሽ ወንድሟ ነው። እሷም ብድሯን አላስቀረችም። እሱ አናጢ ነው፤ ምስማሩንም፣ ኖራውንም፣ የወጥ ጨውንም በእጁ ዘግኖ ስለሚለካ «እፍኝ» አለችው። አሁን ሁለቱም ፀጉራቸው ሸብቷል፣ ስሞቹ ግን እንደ ሙጫ ተጣብቀው ቀርተዋል።

ጽጌረዳዎቹን የተከለው አባታቸው ነው። ከአንድ ግንድ ሁለት ቅርንጫፍ ቆርጦ፣ በሁለት እኩል የሸክላ ማሰሮ አብቅሎ፣ በዚህ በር ግራና ቀኝ አስቀመጣቸውና ሞተ። እናታቸው ብቻዋን ቀረች። ያለፈው ክረምት ከደጁ ደረጃ ላይ ተንሸራታ ወገቧን ስትመታ ነገሩ ከረረ። ጠብታ «እኔ ጋ ትምጣ» ብላ አንድ ክፍል ቀለም አስቀባች፤ መስኮቱ የጠዋት ፀሐይ እንደሚያገኝ ወንበር አስቀምጣ ተቀምጣበት አረጋገጠች። እፍኝ ደግሞ «የት ትሄዳለች፣ እኔ እያለሁ» ብሎ መታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ መያዣ እንጨት ቸነከረ።

እናታቸው አልመርጥም አለች። «የቀኝ ዓይኔን ነው ወይስ የግራ ዓይኔን ነው የማወጣው?» ብላ ጥያቄውን መለሰችላቸው። ድሮም እንዲህ ናት። ልጆች ሳሉ አንድ የተቀቀለ እንቁላል ካለ በስፌት ክር ከመሃሉ ሰንጥቃ ትሰጣቸው ነበር፤ ቢላ ያዳላል ትላለች።

ታዲያ አንድ ቀን ሁለቱ ሳያስቡት እዚሁ በር ላይ ተገናኝተው በማዳበሪያ ተጣሉ። እሷ ተክል በማሰሮ ውስጥ ሲኖር ሥሩ የትም ሄዶ ምግብ ስለማይፈልግ በልክ የተዘጋጀ የፋብሪካ ማዳበሪያ ይሻለዋል አለች። እሱ ደግሞ አፈር በብስባሽ እንጂ በመድኃኒት አይኖርም አለ። ክርክሩ ከረረና እፍኝ «እንግዲያው ያባታችን አበባ ይፍረደን» አለ። የማን ጽጌረዳ አምሮ ቀድሞ ካበበ፣ እናታቸው ወደዚያ ሰው ቤት ትገባለች። ነገሩ በቀልድ ነበር የተጀመረው። ማናቸውም ግን ቀልድ ነው ብሎ ሊተወው አልደፈረም።

ደንቡን ያወጣችው ጠብታ ናት። አፈሩ አንድ፣ ፀሐዩ አንድ፣ ውሃው አንድ። የሚለየው ምግቡ ብቻ ነው። የእሷ ሰማያዊ ቀለም ያለው ፍሬ ፍሬ ማዳበሪያ በቆርቆሮ ጣሳ፣ የእሱ ከአትክልት ልጣጭና ከደረቀ ቅጠል ያበሰበሰው ጥቁር ብስባሽ በጆንያ፣ በእናታቸው ኮሪደር ጎን ለጎን ተቀመጡ። በየማለዳው ሁለቱም ይመጣሉ። እሷ ማዳበሪያዋን በውሃ አሟሙታ፣ አቅጥና ታጠጣለች። እሱ በእጁ በትኖ በጣቱ ይኮተኩታል።

«ያንቺ ጽጌረዳ እኮ አልጋ ላይ ነው፤ ግሉኮስ ተሰክቶለት ነው የሚኖረው» ይላታል።

«ያንተስ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ተኝቶ ነው። ዝንቡ ራሱ አፍንጫውን ይዞ ነው የሚያልፈው።»

«ዝንብ አፍንጫ አለው እንዴ እትዬ? እሱንም በማይክሮስኮፕ አይተሽው ይሆናል።»

እናታቸው ከውስጥ ሆና ትስቃለች። ከዚያ ሦስት ስኒ ሻይ ይቀዳል።

አንድ ነገር ጠብታን ገርሟት ያውቃል። የእሷ ሲፋፋ የእሱ ሰንበት ብሎ ይደርስበታል። የእሱ እንቡጥ ሲቀድም የእሷም ይከተላል። እንደ ሁለት ሯጭ ትከሻ ለትከሻ ነበሩ። ከአንድ ግንድ የመጡ ስለሆኑ ነው ብላ አለፈችው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል።

ከኋላዋ የወንድሟ ፉጨት መጣ። በሩ ጋ ሲደርስ ፉጨቱ ከንፈሩ ላይ ሞተ።

«ምን ሆኑ?»

«አንተ ንገረኝ እንጂ» አለች።

ተንበርክካ የእሱን አፈር ነካችው። እርጥብ ነው። እርጥብ አፈር ላይ ቆሞ የሚጠወልግ ተክል ውሃ አልጠፋበትም፣ ውሃውን መጠጣት ነው ያቃተው። የማሰሮው አፍ ዙሪያ ላብ ደርቆ የተወው ጨው የመሰለ ነጭ ቅርፊት ይዟል። በጥፍሯ ፋቀችው። ከዚያ አፈሩን ቆንጠር አድርጋ ገለጠች። ያልሟሙ ሰማያዊ ፍሬዎች እንደ ተዘራ እህል ተደርድረዋል።

አንዷን ፍሬ አንስታ መዳፏ ላይ አኖረች።

«ይሄ የኔ ነው» አለች።

«ምኑ?»

«ማዳበሪያዬ። ካንተ ማሰሮ ውስጥ። ጨው እኮ ነው፤ እንዲህ ደረቁን ሲሆን ከሥሩ ውሃ ይመጥጣል እንጂ አያጠጣውም። ልትቀድመኝ ብለህ ያባታችንን አበባ ጠበስከው።»

እፍኝ ፊቱ ዓመድ መሰለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጣቱን በእሷ ማሰሮ ውስጥ እስከ መገጣጠሚያው ከተተው፣ አወጣ፣ አሸተተ። ደግሞ ገባና አንድ ጥቁር ነገር መዝዞ መዳፉ ላይ አስቀመጠ።

«ይሄስ? የድንች ልጣጭ ነው። ካንቺ ጣሳ ውስጥ ነው የበቀለው?»

ጠብታ አየች። ገና በቅጡ ያልበሰበሰ ብስባሽ እስከ ግንዱ አንገት ድረስ ተጠቅጥቋል። ስትገፋው ያ ጠንካራ ግንድ ለሰለሰላት፤ ቅርፊቱ እንደ በሰለ ሽንኩርት ተላጠ። በየቀኑ ከላይ ስታጠጣ፣ የላዩን ቅጠል አንድ በአንድ እየገለበጠች ስታይ፣ ከአፈሩ ሥር ምን እንዳለ አንድ ቀን እንኳ ቆፍራ አላየችም።

«የአባቴ አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋኝ፣ ካንተ ጆንያ ቅንጣት ነክቼ አላውቅም» አለች።

«እኔንም ይውጋኝ። ጣሳሽን የት እንደሚከፈት እንኳ አላውቅም። ሌባ አደረግሽኝ እኮ፣ እትዬ። በዚህ ዕድሜዬ።»

ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ እሱ ነው ያስደነገጣት። እውነቱን ነው። እሷም እውነቷን ነው። እሱ ካልሆነ፣ እሷም ካልሆነች፣ ኮሪደሩን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ይቀራል። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ደረሱበት፣ ሁለቱም ወደ በሩ ማየት ፈሩ።

«ሻዩ ቀዘቀዘ» አለች እናታቸው።

በሩ ላይ ቆማለች። የታጠበ ሹራብ ለብሳለች። ከሹራቡ ኪስ የሽሮፕ መድኃኒቷን የምትወስድበት ማንኪያ እጀታ ብቅ ብሏል። እጀታው ላይ ጭቃ ደርቋል።

«እኔ ነኝ» አለች። «ምን ያፋጃችኋል።»

ጠብታ ከተንበረከከችበት ቀና አለች። «ምን አደረግሽ እማ?»

«ምን አደረግሁ፤ አስተካከልኩ። መጀመሪያ ያንቺ ተንዠረገገና የሱ ቀጫጫ ሆነ። አሳዘነኝ፣ ካንቺ ጣሳ ትንሽ ቆንጥሬ ለሱ ሰጠሁት። ደረሰበት። ቆየና የሱ እንቡጥ ያዘ፤ ያንቺ ባዶውን ቆመ። ካንቺስ በምን ያንሳል ብዬ ከሱ ጆንያ ጨመርኩልሽ። እንዲሁ እንዲሁ እያልኩ።»

«በውሃ ሳታሟሚው?»

«ደግሞ ማሟሟት አለው?»

እፍኝ ሳያስበው ከአፍንጫው ሳቅ አመለጠው፣ ወዲያው ዋጠው።

«እሺ፣ ቆንጥሮ መስጠቱስ» አለ። «ይሄ ግን ቁንጥር አይደለም እማ። ይሄ ድግስ ነው።»

«ትናንት ምን አላችሁ? እንቡጡን እያያችሁ፣ በዚህ ሳምንት ይለይለታል አላችሁ። ደነገጥኩ። ስትሄዱ ለሁለቱም በዛ አድርጌ ጨመርኩ። አንድ ላይ እንዲያብቡ ብዬ።»

ጠብታ እናቷን ትክ ብላ አየቻት። «ማናችንም ቤት መምጣት አልፈለግሽም ማለት ነው። ለምን አትነግሪንም ነበር?»

«ቤታችሁ ምን ይወጣለታል።» እናታቸው የበሩን መቃን ያዘች። «አባታችሁ ከሞተ ወዲህ እሱ ሰኞ ይመጣል፣ አንቺ ሐሙስ። ሁለታችሁን ባንድ ላይ ያየኋችሁ ሬሳው ሲወጣ ነበር። ይሄ የአበባ ነገር ከመጣ ወዲህ ግን በየማለዳው አንድ ገበታ ላይ ናችሁ፤ እየተሰዳደባችሁም ቢሆን። አንዱ ካሸነፈ ሌላው ምን ብሎ ይመጣል? አሸናፊው ይዞኝ ይገባል፣ የተሸነፈው ደግሞ አኩርፎ ይቀራል። አውቃችኋለሁ፤ ወልጄአችኋለሁ።»

መንገድ ላይ መኪና አለፈ።

ጠብታ ሰማይ የተደፋባት መሰላት። ሰኞና ሐሙስ። እንዲያ መሆኑን ታውቅ ነበር እኮ፤ ሐሙስን የመረጠችው ሰኞ የእሱ ስለሆነ፣ ቀብር ላይ በተለዋወጡት አንድ ክፉ ቃል የተነሳ ፊቱን ላለማየት ነው። ያን ቃል አሁን ለማስታወስ ሞከረች፤ እንኳን ቃሉ፣ ያነሳው ነገርም ጠፋባት። ባለፉት ወራት በዚህ በር ላይ የቅጠል ነጠብጣብ፣ የእንቡጥ ውፍረት፣ በቅጠል ጀርባ ላይ የምትሄድ ቀይ ነፍሳት እንኳ አምልጧት አያውቅም። ሦስቱ ስኒዎች እሷ ሳትደርስ ተደርድረው እንደሚጠብቁ፣ እናቷ ማለዳ ማለዳ የታጠበ ሹራብ እንደምትለብስ ግን አላየችም። አይታ ነበር፤ አላነበበችውም።

«ሞቱ?» አለች እናታቸው፣ ድምጿ እየቀጠነ። «የአባታችሁን አበባ ገደልኩት?»

ይሄን ጊዜ ጠብታ ተነሳች። «አንተ፣ ያንን ባልዲ አምጣ። መቀሱንም።»

የእሱን ጽጌረዳ ከነአፈሩ ነቅለው ሥሩን በውሃ ደጋግመው አጠቡት። የሥሩ ጫፎች ቡናማ ሆነው ይበጠሳሉ። የእሷን ከብስባሹ አውጥተው አንገቱን ሲያዩት ዙሪያውን ቀልጧል። ሁለቱም አይተርፉም። ጠብታ ከሁለቱም ገና አረንጓዴ የሆኑትን ቅርንጫፎች መረጠች፣ እፍኝ አባቱ ያደርገው እንደነበረው ከቅጠሉ መውጫ ጉብታ ሥር ሰያፍ አድርጎ ቆረጠ። ከጓሮ አሸዋ አምጥተው አጠቡ። አንዱን ማሰሮ ብቻ ሞሉና ቅርንጫፎቹን ባንድ ላይ ሰኩ።

«ምግቡስ?» አለች እናታቸው።

«ሥር እስኪያወጣ ምንም አይቀምስም» አለች ጠብታ። «ያንተም፣ የኔም።» እጇን ዘረጋች። «ማንኪያውን አምጪ።»

እናታቸው ማንኪያውን ከኪሷ አውጥታ፣ መሣሪያ እንደሚያስረክብ ወታደር የጠብታ መዳፍ ላይ አኖረችው።

«ውድድሩስ?» አለ እፍኝ። ጭቃማ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ እህቱን በጎሪጥ ያያታል።

ጠብታ አሰበች። «ውድቅ ነው። ሁለቱም ማሰሮ ሁለቱንም በልቷል፤ ከዚህ ምንም አይነበብም። ከመጀመሪያው ይጀመራል። መጀመሪያ ሥር መስደዱ በየማለዳው ይታያል፣ ከዚያ ቅጠሉ፣ ከዚያ ተለያይቶ ይተከላል። ሁለት ሰው ያስፈልገዋል። አንድ ሰው ብቻውን ካየው ያዳላል።»

«ረጅም ነው?»

«በጣም ረጅም ነው።»

እፍኝ ደረጃውን በዓይኑ ለካ፣ ከዚያ በስንዝሩ። «እንግዲያው ነገ መሰርሰሪያዬን ይዤ እመጣለሁ። እዚህ ጋ መደገፊያ ካልገባ፣ አሮጊቷ ፍርድ ሳትሰማ ትወድቅብናለች።»

«አሮጊት አባትህ» አለች እናታቸው፣ ሹራቧን እያስተካከለች ወደ ውስጥ ገባች።

ተከትለዋት ገቡ። ሻዩ በእርግጥ ቀዝቅዞ ነበር። እናታቸው አንድ የተቀቀለ እንቁላል ልጣ፣ ከስፌት ሣጥኗ ክር መዝዛ ከመሃሉ ሰነጠቀችው። ሁለቱ የሸበቱ ሰዎች እንደ ድሮው ጎንበስ ብለው የማን ግማሽ እንደሚበልጥ አዩ።

እኩል ነበር። ጠብታ ድርሻዋን በጭቃማ ጣቶቿ እንደያዘች የቀዘቀዘ ሻይዋን ወደ ራሷ ሳበች።