የሲሃም ቃላት

ሥራዬ ቃል መቁጠር ነው። የሕፃናት አእምሮ ቋንቋን እንዴት እንደሚይዝ ለሚያጠኑ ሰዎች ከመቱ እየተነሳሁ፣ ገጠር ለገጠር እየዞርኩ እናቶችን እጠይቃለሁ።

የሁለት ዓመቷን ሲሃምን ዳሪሙ ወረዳ ውስጥ ያገኘኋት በቡና ለቀማ ወቅት ነበር። እናቷ ሳሊሐ ለቀማ ስትውል ልጅቷን የምትይዝላት ኦሮምኛ ተናጋሪዋ ጎረቤቷ ገለኔ ነበረች። ቅጹ ላይ መቶ የአማርኛ ቃላት አሉ። ሲሃም የምትላቸው አሥራ ዘጠኝ ብቻ ሆኑ። እኔ ስጠይቅ እሷ ደጅ ላይ ዶሮዎቹን በኦሮምኛ ትቆጣለች። ሰምቻታለሁ። ቅጹ ቦታ ስላልነበረው አልጻፍኩትም።

ሳሊሐ ደነገጠች። «ምን ይሻላታል፣ ጋሼ ብሥራት?» አለችኝ።

አላውቅም ማለት አይሆንልኝም። «ሁለት ቋንቋ ተምታቶባት ይሆናል። በአንዱ ብቻ አናግሯት» አልኳት። እንዲህ በል ያለኝ ሰው አልነበረም። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል የሚሉት የኔን ዓይነቱን ነው።

በስድስተኛው ወር ሁለቱንም ቋንቋ የሚቆጥር አዲስ ቅጽ ይዤ ተመለስኩ። ሁለት ቋንቋ ልጅን እንደማያዘገይ ለአዲሱ ቅጽ በተሰጠን ሥልጠና ላይ ተነግሮን ነበር።

«እንዳሉኝ አድርጌያለሁ» አለች ሳሊሐ ደስ ብሏት። «ገለኔ ጋ መሄድ አስተውኳት። ሥራም ስሄድ አዝያት ነው። በኦሮምኛ ካወራች ዝም አሰኛታለሁ።»

አማርኛው ሠላሳ አንድ ሆነ። ኦሮምኛው ጋ ስደርስ፣ «አሁንማ አንድም አይወጣት፣ አልሐምዱሊላህ» አለችኝ።

ዜሮ ጻፍኩ። ማፈር ነበረብኝ፤ ምንም አልተሰማኝም። ቀጥሎ ያለውን ጥያቄ አነበብኩ፣ ከዚያ ቅጹን አጠፍኩት።

«ተሳስቼ ነው የመከርኩዎት፣ እትዬ ሳሊሐ። ልጅቷ ምንም አልነበረባትም።»

«እኔ እኮ ገለኔን ልጄን አበላሸሽብኝ ብያታለሁ» አለች ሳሊሐ። ተነስታ የሲሃምን እጅ ያዘች፤ እኔም ተከተልኳቸው።

ገለኔ በቆሎ ታሰጣ ነበር። ሳሊሐ ይቅርታ ስትጠይቃት በእጇ ተይው ብላ፣ ልጅቷ ፊት ቁጢጥ አለች።

«ኮቱ፣ ኢንተላ ኮ» አለቻት፤ ነይ ልጄ ማለቷ ነው።

ሲሃም አልሄደችም። ቀና ብላ መጀመሪያ የእናቷን ፊት አየች። ከዚያ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ፣ ገለኔን «ዝም በይ» አለቻት፣ ጥርት ባለ አማርኛ።